የቅምሻው አገልግል

ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ካዛንቺስ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ራዲዮ ስጠግን ኖሬ፣ ሌላው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ መጽሐፍ እያገላበጥኩ፣ እያበላሸሁና እየጠገንኩ ብቻዬን ተማርኩት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልን" ይሉኛል። አያለሁ፤ ችግሩንም አገኘዋለሁ።

እነዚሁ ልጆች በነጻ የሚሠሩት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም አለ። ሰው ትዝታውን በአማርኛ ጽፎ የሚያስቀምጥበት ነው። የእኔ ድርሻ ማከፋፈሉ ነበር። ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር አንድ ላይ ታሽጎ ይላካል። ልጆቹ ኮንቴይነር ኢሜጅ ይሉታል፤ እኔ አገልግል እለዋለሁ፤ የተቀበለው ሰው ክዳኑን መክፈት ብቻ ነው። አዲስ ሥሪት ለሁሉም ከመለቀቁ በፊት ለሞካሪዎች ብቻ የሚላከው ላይ "ቅምሻ" የሚል ምልክት እለጥፋለሁ። ያለቀለት "የጸደቀ" ይባላል። ምልክቱን አንዱ ይለጥፋል፣ ሌላው አይቶ እሺ ይላል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ደንባችን ይኸው ነው።

ፕሮግራሙን ከሁሉ አብልጦ የሚጠቀምበት የልጅነት ጓደኛዬ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር። ሰፈራችን ሲፈርስ እሱ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ እኔ ቡልጋሪያ ሰፈር። በዚያው ሰሞን መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የሰው ስም። ሐኪሙ ያለውን ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ከዚያ "ሳይጠፋብኝ ልጻፈው" ብሎ የካዛንቺስን ቤቶች አንድ በአንድ ያሰፍር ጀመር፤ ማን የት እንደኖረ፣ የማን በር ምን ቀለም እንደነበር፣ ማን ከማን ጋር በአጥር እንደተጣላ።

ኮምፒውተሩን ያሰናዳሁለት እኔ ነኝ። በየማለዳው "የጸደቀ" የሚለውን ሥሪት ራሱ እንዲያወርድ አድርጌ።

"ቅጂ በፍላሽ ላስቀምጥ እንዴ?" አለኝ አንድ ቀን።

"እኔ እያለሁልህ? ምን ያደርግልሃል!"

"አይ ጉረኛ! ራዲዮዬን ስትጠግን የተረፈህን ብሎን እኮ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።"

"ራዲዮው ግን ይሠራል።"

"ይሠራል። ድምፁ ብቻ ነው የማይሰማው።"

ሳቅን።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ምልክቱን የምታይልኝ ልጅ ስብሰባ ገብታ ስልክ አላነሳችም። እጄ ተሳስቶ አያውቅም ብዬ አዲሱን ሥሪት ብቻዬን ለቀቅሁት። ቅምሻው ላይ የለጠፍኩት "የጸደቀ" የሚለውን ነበር። ያወቅሁት ቁርሴን በልቼ ስመለስ ነው። ወዲያው ምልክቱን አነሳሁት። ማንም ያወረደው አልመሰለኝም። ስልኬ ጠራ።

"ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነብኝ" አለ ጓደኛዬ።

ታክሲ መጠበቅ አቅቶኝ ግማሹን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። አዲሱ ሥሪት የቆየውን ጽሑፍ ወደ ሌላ አቀማመጥ ሲገለብጥ አበላሽቶታል። ሞካሪ ያስፈለገው ይህን ዓይነቱን ነገር ቀድሞ ለመያዝ ነበር። ገጽ ብገልጥ የጥያቄ ምልክት፣ ሌላ ብገልጥ ያው። የሁለት ዓመት ድካም። እስኪመሽ ታገልኩ። የማልጠግነው ነገር እንዳለ ያን ቀን አወቅሁ።

"ምን ሆኖ ነው?" አለኝ።

"ኮምፒውተርህ አርጅቷል" አልኩት።

ምነው ምላሴ በተቆረጠ! ለልጆቹም ምልክቱን ማንሳቴን እንጂ ማንን እንደጎዳሁ አልነገርኳቸውም።

"እንደገና ጀምር፣ እኔ አስታውስሃለሁ" አልኩት። በየቅዳሜው እየሄድኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የማውቀውን ነገርኩት፤ ግን ብዙውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሲደክመው ዘወር ብሎ "ይቅርታ ወንድሜ፣ በአሮጌ ኮምፒውተር አንከራተትኩህ" ይለኛል። እኔም "ግዴለም" እላለሁ። ግዴለም!

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ገጹ ላይ "ከእኛ ቤት ቀጥሎ" ብሎ ጽፎ ቆሟል። ከዚያ ያለፈ አልጻፈም። መቻል አቃተኝ።

"ስማኝ" አልኩት። "ኮምፒውተርህ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ ያጠፋሁብህ።"

እጄን ያዝ አድርጎ ፈገግ አለ።

"ምኑን?" አለኝ።