ማንገቻ ያረፈበት ጭነት

የእርጥብ ሸራ ሽታ አልወድም። ሰሞኑን በሐምሌው ዝናብ ጣሪያችን አፈሰሰና አልጋ ሥር ያለው ሳጥን ውስጥ ውሃ ገባ። ከፍቼ ልብሱን ሳወጣ የአባቴ ትጥቅ ከታች ተኝቷል፤ ሰፊ የሸራ ቀበቶ፣ ሁለት ማንገቻ፣ የነሐስ ዘለበት። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴትዮ በሁለት እጄ ፊቴን ሸፈንኩ። ደግነቱ ማንም አላየኝም።

አባቴ ጣሊያን በወጣ ሰሞን እንግሊዞች ያሠለጠኑት ወታደር ነበር። የሱ አባት የታጠቀው የቆዳ ዝናር ነው። እንግሊዞቹ ግን ከጥጥ ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሸመነ ሸራ ይዘው መጡ። «ቆዳ ዝናብ ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ይሄ ግን ባለቤቱ በስብሶም እሱ አይበሰብስም» ይለን ነበር አባቴ። የጥይቱ ኪስ ደረት ላይ፣ ኮዳው ዳሌ ላይ፣ ቦርሳው ጀርባ ላይ ይውላል፤ ክብደቱን ትከሻና ወገብ ይካፈሉታል። ትልቁ ብልሃት ዘለበቱ ነው። እሱ ብቻ በአንድ እጅ ሲፈታ ትጥቁ በሙሉ እንደ ኮት ከላይ ይወርዳል። ወንዝ የወሰደው ወይም መሸሽ ያለበት ወታደር ሸክሙን ጥሎ ነፍሱን እንዲያተርፍ ተብሎ የተሠራ ነው።

አባቴም አንድ ቀን ይህንኑ አደረገ። ውጊያ ላይ ከጎኑ የነበረው ጓደኛው ፊቱን ተመትቶ ሲወድቅ ዘለበቱን ፈትቶ ሮጠ። ነፍሱ ተረፈች፤ አዛዡ ግን፣ የገዛ ወገኑ፣ ሰልፈኛው ፊት አስተኝቶ አስገረፈው። ሰንበሩን እናቴ ቅባት ስትቀባው አይቻለሁ፤ ጀርባው የታረሰ መሬት ይመስል ነበር። በኋላ የጣለውን ትጥቅ ከሜዳው አንስቶ አመጣው፤ ከዚያም ወዲያ ከእጁ አልወጣም። «ትጥቁን የጣለ ወንድ አይደለም» የምትለዋን አባባል እንደ ጸሎት ይደግማት ነበር።

ከጦሩ ተሰናብቶ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር ቀበቶው ሥራ አልፈታም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘለበቱን በአመድና በሎሚ ይወለውላል፤ በቀሩት ቀናት ወንድሜን ይገርፍበታል። ምክንያት አይጠፋም። አንዴ ማሰሮ ሰበረ ብሎ፣ አንዴ ቀና ብሎ አየኝ ብሎ። እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ «ኧረ ስለ አቦ ይተዉት! ልጁን ገደሉት እኮ!» ትላለች። ሸራው ሲያርፍ የሚያወጣው ድምፅ ወፍራም ነው፣ የረጠበ ብርድ ልብስ እንደ ማራገፍ። ነሐሱ የነካበት ቦታ ግን ይከፈታል። አባቴን እጠላው ነበር። ሌላ ቃል ብፈልግለትም አላገኘሁም።

ወንድሜ ጎረመሰና አቃቂ ባቡር ጣቢያ ኩሊ ሆነ። አባቴ ያን ዕለት ትጥቁን ከግድግዳ አውርዶ ራሱ አስታጠቀው። ማንገቻውን እያጠበቀ «ሸክም ተጣሞ አይያዝም» ሲል ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረ። ወንድሜ ደስ ብሎት ሳቀ። ያቺን ሳቅ ዛሬም አልረሳትም።

ጣቢያው የራሱ ሕግ ነበረው። ባቡሩ ሲቆም ማንገቻውን ጆንያው ላይ ቀድሞ የጣለ፣ ጭነቱ የእሱ ነው። ማንገቻ ያረፈበትን ጭነት ሌላ አይነካም፤ የነካ ይፈነከታል። የሌሎቹ ማንገቻ አጭር ገመድ ነው። የወንድሜ ረጅም ነው፤ ጫፉም ነሐስ ስለሆነ እንደ ጅራፍ ከሩቅ ወርውሮ ያሳርፈዋል። ጥርስ ውስጥ ለመግባት ይሄ በቂ ነበር።

በተለይ ቀዩ ኩሊ የምንለው ጎረምሳ ጠመደው። አንድ ቀን ወንድሜ የበርበሬ ጆንያ በትጥቁ ጀርባው ላይ አስሮ ሲሄድ ከኋላ መጥቶ እጁን በወገቡ አዞረና ዘለበቱን ፈታበት። ጆንያው ወድቆ ፈነዳ። በርበሬው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ወንድሜ በጉልበቱ ሲዳክር ተሰብስበው ረገጡት። ሆዱን፣ ጎኑን፣ አፉን። ከእናቴ ጋር ቆሎ የምንሸጥበትን እንቅብ ጥዬ እየጮህኩ ደረስኩ። አንዱ በጥፊ መታኝና ሐዲዱ ላይ ተቀመጥኩ።

ቤት ስንገባ አባቴ የልጁን ያበጠ ዓይን አላየም። «ትጥቅህን አስፈታህ?» አለው።

«አባባ፣ ከኋላ መጥተው እኮ ነው።»

በዚያው ቀበቶ ገረፈው። ቅንድቡን ከፈተው። ሲደክመው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፣ ወስፌና ሰም የተቀባ ክር አምጥቶ ዘለበቱን ከሸራው ጋር ጠቀመው። «አሁን ማን እንደሚፈታው አያለሁ» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ ትጥቁን እንደ ሹራብ በራሱ በኩል ያጠልቀው ጀመር።

ብዙም አልቆየ። ከድሬዳዋ የመጣው ባቡር ሊነሳ ሲል ወንድሜና ቀዩ ኩሊ ፉርጎው በር ላይ በአንድ ጆንያ ተያያዙ። ቡጢ ተሰናዘሩ፣ ተናከሱ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ሁለቱም ወደቁ። ቀዩ ኩሊ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ የወንድሜ ማንገቻ ግን የፉርጎው መቀርቀሪያ ላይ ተንጠለጠለ። ባቡሩ በጠጠሩ ላይ ይጎትተው ጀመር።

እጁ ወደ ዘለበቱ ሲሄድ አየሁ። «ፍታው! ፍታው!» እያልኩ እሮጣለሁ። ጣቱ ነሐሱን ይቧጥጣል፣ ይንሸራተታል፣ ደግሞ ይመለሳል። «አይፈታም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ እግሩ መንኮራኩሩ ሥር ገባ። የዚያን ጊዜ ያወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር።

ባቡሩን ሮጦ የደረሰበት ቀዩ ኩሊ ነው። በአንድ እጁ ፉርጎው ላይ ተንጠላጥሎ በሴንጢ ማንገቻውን እየገዘገዘ ይሳደባል፣ ያለቅሳልም። ሸራው እንቢ አለ፤ ጠንካራ ነበርና። ሲበጠስ ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። የወንድሜ እግር ከጉልበቱ በታች በሱሪው ብቻ ተይዞ ነበር። ቀዩ ኩሊ በዚያው በተቆረጠ ማንገቻ ጭኑን አሰረለት። ደሙ የቆመው በዚያ ነው።

አባቴ የዘበኛ ካፖርቱን እንደለበሰ እየሮጠ ደረሰ። ከልጁ ፊት አስቀድሞ ያየው ዘለበቱን ነው። ክሩ ላይ የወንድሜ የተነቀለ ጥፍር ተሰክቶ ነበር።

ሐኪም ቤት እግሩ ተቆረጠ። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የጠቀመውን ክር በጥርሱ እየበጠሰ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ማንንም አልመታም። ይቅር ብዬው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ቁስሉ ሲደርቅ፣ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ልጁን ሳሪስ አቦ ሊያሳልመው ተነሳ። ከአውቶቡሱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሸከመው እሱ ነው። ማንገቻውን ሰፍቶ ቀጥሎት ነበር። ጎረምሳውን ጀርባው ላይ አዘለው፣ ሸራውን በሥሩ አሳልፎ ሆዱ ላይ ቆለፈ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ወንዶቹ «አባት ያዝላል እንዴ?» ብለው ሳቁ። አባቴ የወንድሜን እጅ ስቦ ዘለበቱ ላይ አኖረው።

«ስትሻ አንተው ፍታው» አለው።

ይቅርታ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ያን እንደ ይቅርታ ቆጠርኩት። ቀዩ ኩሊም አብሮን ነበር፤ ዳገቱ ላይ አባቴ ሲያቃስት «አባባ፣ ይደክምዎታል፣ ለኔ ይስጡኝ» አለው።

«ማንገቻዬ አርፎበታል» አለ አባቴ ሳይቆም። «አይነካም።»

ብዙ ዓመት እንዲሁ ተመላለሱ፤ ወንድሜ አንዴም ዘለበቱን በመንገድ አልፈታም።

አባቴ የሞተ ዕለት የድሮ ኩሊዎች የሬሳ ሳጥኑን ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ወንድሜ በክራንቹ እየዘለለ መሃላቸው ገባ። ሽበታሞች ሆነዋል ሁሉም። ወንድሜ ማንገቻውን ከትከሻው አውርዶ ሳጥኑ ላይ ጣለ። ነሐሱ እንጨቱን መታ።

ኩሊዎቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ማንም አልነካም። ቀዩ ኩሊ ዓይኑን በጋቢው ጠርጎ ወደ ወንድሜ ዞረ።

«ጭነቱ ያንተ ነው» አለው። «ትፈቅድልናለህ?»

ወንድሜ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ያን ጊዜ አነሱት።

ትጥቁን አሁን ገመዱ ላይ አስጥቼዋለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ወንድሜ ከውስጥ ሆኖ «ደረቀ?» ይለኛል፣ በየደቂቃው።

«ገና ነው» እለዋለሁ። «ገና ነው ወንድሜ።»