ለሦስት ክረምት የሚበቃ ስንቅ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ጄኔቫ ስገባ፣ ቶኔ የሚባል ሰፈር ባለች አንዲት ክፍል ያስጠጉኝ ጋሼ አገር ቤት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ሰው ነበሩ። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ አንዳችንን ሲያስነጥሰን ሌላችን ኮሪደር እንወጣ ነበር። እራት ላይ ወሬያቸው የአሜሪካ ሠራተኞች ብቻ ነው። በልጅነቴ ቀይ ጨርቅ ይዤ ፀሐይ የጠበሰኝ የሜይ ዴይ ሰልፍ ከሞስኮ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

"ከሺካጎ ነው" አሉኝ። "በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ እንሥራ ተብሎ ሰው ተሰቅሎበታል።"

"ታዲያ አሜሪካኖቹ ለምን አያከብሩትም?"

"የጠመቀ ሁሉ ይጠጣል ያለህ ማን ነው?"

እኔ የወደድኩት ግን የሚሺጋኖቹን ታሪክ ነው። የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች በብርዱ ወራት ሥራ አቁመው ቤታቸው አልሄዱም፤ እዚያው ማሽናቸው አጠገብ ቁጭ አሉ። ምግብ በመስኮት እየተቀበሉ፣ አሠሪው ማኅበራቸውን እስኪቀበል ከወር በላይ አልተነሱም። ከወር በላይ ያሉት ጋሼ ናቸው። እኔ አፍ ሲደርስ ሦስት ክረምት ሆኗል።

ያወራሁት ደግሞ በኋላ ሥራ ፍለጋ በሄድኩበት በዙሪክ፣ ኦፕፊኮን፣ ክፍል በምናጸዳበት ሆቴል ምድር ቤት ነው። አብዛኞቻችን ሐበሾች ነን። ታላቃችን እትዬ፣ ቀድሞ ጄኔቫ ውስጥ በዲፕሎማት ቤት እረፍት ሳያዩ ዓመታት ያገለገሉ፣ እግራቸው የሚያብጥ ሴት ናቸው። በዚያ ሰሞን አለቃችን ለእያንዳንዳችን የምናጸዳውን ክፍል ጨመረ። እትዬ ሰዓቱ አልበቃቸው ሲል "ከወሩ መጨረሻ በኋላ እንዳይመጡ" አላቸው። ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም አብሮ መሄዱ ነው።

አንሶላ እያጠፍን የሚሺጋኑን ታሪክ ከነቅመሙ አቀረብኩ። በረዶው ጣራ ደረሰ አልኩ፤ ጢማቸው ላይ ወፍ ጎጆ ሠራች አልኩ። ማንም አልሳቀም።

"ሦስት ክረምት?" አሉ እትዬ።

"ቢያንስ።"

"መቀመጥማ ማን ያስተምረናል። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አይደል ያደግነው።"

በማግሥቱ ጠዋት የሥራ ልብሳችንን እንደለበስን ግድግዳውን ተከትለን ተቀመጥን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እኔ የያዝኩት አንዲት ዳቦ ናት። ሌሎቹ ሻንጣ ሲከፍቱ የበሶ ከረጢት፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ በባልዲ የሞላ ጭኮ፣ ብርድ ልብስ።

"ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?" አልኩ አጠገቤ ያለችውን።

"ሦስት ክረምት አላልክም? የላንግሽትራሰን የሐበሻ ሱቅ ባዶውን አስቀርተን ነው የመጣነው።"

እውነቱን ላወጣ አፌን ስከፍት እትዬ እፍኝ ሙሉ ዳቦ ቆሎ አስያዙኝ። እሱን መቆርጠም ያዝኩ።

አለቃችን ወረደ። ነጠላውንና ዝምታውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ማን ሞተ?"

"እስካሁን ማንም" አልኩ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ። "የእትዬን ሥራ ሊቀብሩት ነው ብለን ቀድመን ተቀመጥን።"

ዓይኑ ባልዲው ላይ አረፈ። "ይሄስ?"

"ምግብ።"

"ለምሳ?"

"ለመጀመሪያው ክረምት። የቀረው ቤት ነው።"

ወደ ላይ ወጣ። ላይ ክፍሉ ስላልተጸዳ ቆሞ የሚጠብቀው እንግዳ ሻንጣውን ከምሮ ሌላ የአልፕስ ተራራ ሠርቷል። ምሳ ሳይደርስ ተመልሶ መጣ፤ የተጨመሩት ክፍሎች ቀርተዋል፣ እትዬም ይቀጥላሉ አለ። ብድግ ስል እትዬ እጄን ያዙኝ።

"ተቀመጥ። ትልቅ ሰው ሳይነሳ ይነሳል? ጽፎ ፈርሞ ያምጣው በለው።"

አልኩት። ሊጽፍ ሲሄድ እትዬ በሶ በጥብጠው ኩባያውን አቀበሉኝ።

"አንተ ቀልማዳ፣ እውነቱ ስንት ነበር?"

"ወር ከምናምን።"

ወደ ባልዲው አዩ። "እንግዲያው በስንቅ እኛ እንበልጣቸዋለን" አሉ።

ወረቀቱ ተፈርሞ መጣ፤ እትዬ ተነሱ፤ እኛም ተነሳን። የጭኮውን ባልዲ ግን ማንም ወደ ቤቱ አልወሰደውም። እትዬ መደርደሪያው ላይ፣ ከአንሶላዎቹ በላይ፣ አለቃው በገባ ቁጥር የሚያየው ቦታ አስቀመጡት።