ውሾቹን ተራራ ያወጣንበት ቅዳሜ

ውሾቹ የእኛ አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እማዬም ሁልጊዜ አስቀድማ የምትናገረው ይህንኑ ስለሆነ ነው። የነዳጅ ዘይት ዋጋ ወድቆ ካልጋሪ ውስጥ በየቤቱ ደጃፍ የሽያጭ ምልክት እንደ እንጉዳይ በበቀለበት ጊዜ፣ አባዬና የሥራ ባልደረባው ከአንድ ወርክሾፕ በአንድ ቀን ሌይኦፍ ሆኑ፣ ከሥራ ተቀነሱ። ባልደረባው ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ፕሮቪንስ ሲሄድ ሁለት ውሾቹን "ለሁለት ሳምንት ብቻ" ብሎ ካስልሪጅ ሰፈር ያለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ተዋቸው። ያ በመጋቢት ነበር። ነሐሴ ገባ፣ ውሾቹም አሉ።

ስማቸውን አልጽፍም። እማዬም በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም። ቢጫውና ትልቁ "ያ" ነበር፣ ጥቁሯና ትንሿ "ያቺ"። እማዬ ውሻ አትጠላም፤ "ውሻ ቦታ አለው" ነው የምትለው፣ ቦታው ደግሞ ከቤት ውጪ ነው። የመጋቢትን በረዶ አይታ ጋራዡን እንደ ምሕረት ፈቀደችላቸው። ነጭ ነጠላዋ ላይ ጥቁር ፀጉር ተለጥፎ ቤተ ክርስቲያን የገባች ቀን ግን በቃኝ አለች። ባለቤት ያጡ ውሾችን የሚቀበል ቦታ ደውላ ለሰኞ ጧት ቀጠሮ ያዘች።

አባዬ ምንም አላለም። ሥራ ካቆመ ወዲህ ምንም አለማለት ልማዱ ሆኗል። እማዬ ከሥራ ስለወጣበት ቀን "እንዴት ብለው ነው የነገሩህ?" ብላ ስትጠይቀው፣ "ነገሩኝ፣ መጣሁ" ብቻ ነው መልሱ። ስለዚህ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። ተራራ ወጥተን አንድ ሌሊት አብረውን ቢያድሩና ጨዋ ቢሆኑ ይቆዩ አልኩ።

እማዬ አሰበች። "እኔም እመጣለሁ፣ በዓይኔ አያለሁ" አለች። "አንዲት ነገር ቢያጠፉ ግን ሰኞ ሰኞ ነው።"

ቦርሳ አዝሎ ተራራ ላይ ስለማደር ያላየሁት ቪዲዮ አልነበረም። ልናድርበት ያሰብኩት ሐይቅ ዳር ድንኳን ስንተክል፣ ውሾቹ እግራችን ሥር ተኝተው የምንነሳው ፎቶ ሳይቀር ጭንቅላቴ ውስጥ አልቆ ነበር።

ባለቤታቸው ለውሾቹ እንደ አህያ ጭነት ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል ቦርሳ ትቶላቸዋል። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ ምግባቸውን ራሳቸው ይሸከማሉ። ገጠር ያደገው አባዬ መኪና ማቆሚያው ላይ ሁለቱን ወገን በእጁ እየመዘነ ጫነላቸው። "ጭነት እኩል ካልሆነ ያጋድላል" አለ። በዚያ ሳምንት ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ይኸው ነበር። መኪናው ከዓይናችን ሳይሰወር ያቺ የያን ቦርሳ በጥርሷ ቀድዳ፣ ጎን ለጎን እየሄደች ትበላ ጀመር። እሱ ደግሞ እንዲመቻት ቆመላት።

የውሾቹን ምግብ ወደ እኔ ቦርሳ ገለበጥን። ታዲያ እነሱ ምን ይሸከሙ? "የእኛን ምግብ" አልኩ።

እማዬ ቀጥ ብላ ቆመች። "ምን አልሽ?"

"በሶውን፣ ቆሎውን..."

"በፍልሰታ፣ ከውሻ ጀርባ የወረደ በሶ ልቀምስልሽ?"

"በፕላስቲክ ተጠቅልሏል እኮ፣ እማዬ።"

"ከፈለገ በብረት ይጠቅለል።"

በመጨረሻ ክፍፍሉ እንዲህ ሆነ፤ እኔ የውሻ ምግብ፣ እማዬ የሰው ምግብ፣ አባዬ ድንኳንና ድስት። ውሾቹ ደግሞ ለመዓትም ለምሕረትም የማይሆን ቀላል ነገር ተጫነላቸው፤ ውስጣቸው ገብተን የምንተኛባቸው ሦስቱ ስሊፒንግ ባጎቻችን። ምኑ ቅጡ፣ እነሱ ላባ እንደተሸከመ ሰው ወደፊት ሲፈነጥዙ እኔ ለእነሱ እራት ወገቤ ተቆረጠ።

መንገድ ላይ የሚያልፈን ሁሉ ሰላም የሚለው ውሾቹን ነበር። አንዲት አሮጊት ተንበርክካ ያን ደክሞት እንደሆነ ጠየቀችው፣ ዕድሜውን ጠየቀችን፣ ጉንጩን ዳበሰችው፣ ሄደች።

"እዚህ አገር ይህን ያህል ስኖር" አለች እማዬ፣ "ሺፍት ጨርሼ ባቡር ላይ ስንቀላፋ ደክሞሽ ይሆን ወይ ያለኝ የለም።"

ወንዙ ጋ ስንደርስ ከግንድ የተሠራች ድልድይ አለች። ሰው ሁሉ በእሷ ነው የሚሻገረው። ያ ድልድዩን አየው፣ ወንዙን አየው፣ ወንዙን መረጠ። መሻገር ቢሆን ግድ አልነበረኝም። መሃል ላይ ሲደርስ ግን ሞቃት ቀን ነውና ዘና ብሎ ተኛበት። ስሊፒንግ ባጎቹ ተነፉ፣ አበጡ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ሰጠሙ። አባዬ ከነጫማው ገብቶ ሲጎትተው አዳለጠውና እሱም ተቀመጠ። ያቺ ከቤተሰቡ ተለይታ መቅረት አልወደደችም መሰል፣ ከነጭነቷ ዘላ ገባች።

እማዬ ድልድዩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር። "ሰኞ" አለች።

እኔና እሷ ስሊፒንግ ባጎቹን ጫፍና ጫፍ ይዘን እንደታጠበ ጋቢ ጠመዘዝናቸው። ውኃው አያልቅም። በተራራ ብርድ በእርጥብ ማደር አይቻልም፤ ሐይቁንም ሳናይ ዞርን። እኔ ከንዴቴ ብዛት ከማንም ጋር አልነጋገርም ብዬ ነበር፣ የሚያናግረኝ ግን አልተገኘም።

ትንሽ እንደወረድን ያ መንገዱ መሃል ተቀመጠና አልነሳም አለ። አባዬ እግሩን ገልብጦ አየው፤ የወንዙ ድንጋይ መዳፉን ቆርጦታል። እንደገና ሸክም መከፋፈል ሆነ። እማዬ ድንኳኑን ደረቷ ላይ አቀፈች። እርጥቦቹ ስሊፒንግ ባጎች አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ያቺን የምጎትትም እኔው ነኝ፣ ወይም የምትጎትተኝ እሷ ነች። አባዬ ደግሞ ያንን ግንድ የሚያህል ውሻ ለበዓል እንደተገዛ በግ ትከሻው ላይ ጭኖ፣ የፊትና የኋላ እግሩን በደረቱ ላይ ይዞ፣ ቀድሞን ወረደ። የሚያልፉን ሰዎች ለውሻው አዘኑለት።

ጥቂት እንደሄድን የሰው ድምፅ ሰማሁ። አባዬ ስልክ ላይ ነው ብዬ ነበር፤ እዚያ ግን ኔትወርክ የለም። ጠጋ ስንል የሚያወራው ለውሻው ነው።

"አንተ ምን አለብህ" ይለዋል። "ያንተ እግር ነው፣ ይድናል። እኛን ምሳ ክፍል ኑ አሉን። ሌላ ጊዜ የሚጠሩን ፒዛ ሲያበሉን ነዋ። ሱፐርቫይዘሩ በር ላይ ቆሞ ፖስታ ያድላል። እኔ የፒዛ ኩፖን መስሎኛል። ሁዳዴ ነው፣ 'እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ የኔን ለሌላ ሰው ስጠው' አልኩት። ሰውየው ፊቱ ቀላ። አፍሮ ነው ብዬ ደግሞ ላጽናናው፣ 'ግድ የለም፣ በሚቀጥለው እበላለሁ' አልኩት። ጌታህ ነው ከኋላዬ ቆሞ ፖስታውን ከፍቶ ስንብቱን ያነበበልኝ።"

እማዬ የቦርሳዬን ማሰሪያ ያዝ አድርጋ ወደ ኋላ ሳበችኝ። ከዚያ፣ እኔ ለቅሶ ስጠብቅ፣ ሳቅ አመለጣት። አፏን በመዳፏ ብትይዝም አመለጣት።

አባዬ ከነውሻው ዞረ። "ምን ሆናችሁ?"

"ምንም። ጆሮህን እየላሰህ ነው" አለች እማዬ።

"ይልሰኝ፣ ምን ላድርገው" አለና መንገዱን ቀጠለ። ወሬውንም ቀጠለ፤ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ የምሳ ሳሕኑን ረስቶ ለመመለስ እንዳፈረ፣ አውቶቡስ ውስጥ ለእኛ የሚለውን ሲለማመድ ከፌርማታው እንዳለፈ። እኔ ልደርስበት ስፈጥን እማዬ "ቀስ በይ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ይጨርስ።" ትከሻዬ ሊገነጠል ነው ብላት "ይገንጠል" አለች።

መኪና ውስጥ ሽታው የሚነገር አይደለም። ያቺ ጭኔ ላይ ሆና ውኃዋን እያራገፈች ነው። ፎቶ የለ፣ ሐይቅ የለ፣ ቀኑን ሙሉ ተራራ ላይ ያመላለስኩት የውሻ ምግብ እንዳለ እግሬ ሥር ተቀምጧል።

"እኔ በቃኝ" አልኩ። "ልክ ነሽ፣ እማዬ። ሰኞ ይሂዱ።"

"ማን ጠየቀሽ?"

"አንቺ ነሽ እኮ ቀጠሮ የያዝሽው።"

"ቆስሎ የት ይሄዳል? እግሩ ሳይድን ቢወስዱት ሰው ምን ይለናል?"

አባዬ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ "ያቺስ?" አለ።

"ብቻዋን ሄዳ ምን ትሠራለች?"

ሰኞ ጧት ደውላ፣ ውሻው ታሟል፣ ሲሻለው እናመጣዋለን አለቻቸው። አባዬን ደግሞ፣ እያነከሰ የሚሄድ ውሻ ሰው ካላጫወተው ይከፋዋልና ቀስ እያልክ አዙረው አለችው። የያ እግር በሳምንቱ ድኖ፣ አጥር ዘልሎ የጎረቤት ጓሮ እስከመግባት ደርሷል። እማዬ ግን እስካሁን፣ ከዚያ ቦታ ደውለው ሲጠይቋት፣ ገና ነው ትላለች።