አባቴ የሚገርፈኝ እሑድ ነበር

የልጄ ልጅ ከትምህርት ቤት በሰዓቷ አልመጣችም። የሱሉልታ መንገድ በተቆረጠ ባሕር ዛፍ ተዘግቷል። ወጣቶች መሬታችንን ለዋና ከተማዋ ይወስዳል ስለተባለው ማስተር ፕላን ሲጮሁ ውለዋል፤ ተኩስም ተሰምቷል። «እንዳትሄጂ» ብያት ነበር። ሲመሻሽ ገባች፤ እጇ እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸታል።

ያ ሽታ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ። እኔ ማንም ሳያስተምረኝ ማንበብ የቻልኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ አገር እንደኔ ያለ የለም። የማነብበትን ጧፍ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሰረቅሁ። አባቴ ሲደርስብኝ የባሕር ዛፍ ልምጭ ቆርጦ ግድግዳው ላይ ሰቀለና፣ «ዛሬ ተናድጃለሁ። ዛሬ ብመታህ ለንዴቴ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ላንተ ብዬ እመታሃለሁ» አለኝ። አራት ቀን ሙሉ ቤቱ ልምጭ ልምጭ ሸተተ። አባቴ በየማዕዱ በእጁ ያጎርሰኛል፤ እኔ ግድግዳውን አያለሁ። እሑድ ሦስት ጊዜ መታኝና አብረን አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። ፍቅር መሆኑ የገባኝ አባት ስሆን ነው። ልጆቼንም እንዲሁ አሳደግሁ፤ አንድም አልተበላሸብኝም።

ስለዚህ ልጅቱን፣ «ዛሬ አልነካሽም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንተያያለን» አልኳት።

«እሑድ ድረስ ካለሁ ይምቱኛ፣ አካኮ!» ብላ ሳቀች፤ «አያቴ» ስትል በኦሮምኛ እንዲህ ነው የምትጠራኝ።

ለቄስም ለዳኛም የማልረታ ሰው ተነሥቼ የበሩን መቀርቀሪያ ያዝሁ። አባቴ እሑድን ሲቀጥር በሕይወት እንደምደርስ ያውቅ ነበር። እኔ አሁኑኑ ልምታት? ልቀፋት? በር ልቆልፍባት? ቀኑ ገና ረቡዕ ነበር።