አባቴ ሲይዛት የምትነሳው መኪና

የዴስኬ መሳቢያ ውስጥ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ሳጥን አለች። ከአንዲት አሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ሥር የተነቀለች ናት፤ ሥራዋ ለነዳጅ ፓምፑ ኤሌክትሪክ መስጠት ነበር። ሰው ከልጅነቱ አሻንጉሊት ያስቀምጣል፣ ፎቶ ያስቀምጣል። እኔ ይቺን አስቀመጥኩ፤ በፍቅር እንዳይመስላችሁ ታዲያ። ባየኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ያኔ የምንኖረው ዳላስ አጠገብ፣ ሌዊስቪል ነበር፣ ሁለተኛ ፎቅ አፓርትመንት ላይ። እዚህ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰመር ሲመጣ ፓርኪንጉ ላይ ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ እንሥላለን፣ እኩለ ቀን ላይ ግን አስፋልቱ በጫማም አያስቆምም። የመኪናው ቀበቶ ዘለበት ጭን ያቃጥላል። የኋላ ወንበር ላይ የረሳሁት ክሬየን ቀልጦ ጨርቁ ውስጥ ስለገባ፣ መኪናችን ዕድሜዋን ሙሉ ሰም ሰም ትሸት ነበር። ዛሬም ጧፍ ሲሸተኝ ትዝ የምትለኝ ቤተ ክርስቲያን ሳትሆን ያቺ መኪና ናት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እማዬ አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ነርስ ነበረች። እዚህ ግን የነርስነት ፈተናውን እስክታልፍ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ታሽግ ነበር። ፈተናውን ካለፈች የምትገባበት ሆስፒታል ተገኝቶላታል፤ እስከ መስከረም እንጠብቅሻለን ብለዋታል። ቤታችን ውስጥ ከዚያ ፈተና የሚበልጥ ነገር አልነበረም። ወጥ እያማሰለች ታጠናለች፣ እኔን እያበጠረች ታጠናለች፤ የልብ መድኃኒቶችን ስም ከማባዛት ሠንጠረዥ በፊት ያወቅኩት በእሷ ነው።

መኪናችን አንድ ብቻ ነበረች። አባቴ ጎህ ሳይቀድ ወደ ኤርፖርት ሥራው ይነዳታል፣ ጣራ ያለው የሠራተኛ ፓርኪንግ ውስጥ ያቆማታል፣ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ቤት ይመልሳታል። ከዚያ እማዬ ትረከባለች። በዚያ ሐሩር ግሮሰሪ፣ ክሊኒክ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ መጋዘን፤ አጥፍታ ማስነሳት፣ አጥፍታ ማስነሳት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ያቺ መኪና ከሞቀች በኋላ ካጠፏት አትነሳም። ቁልፉን ስታዞሪው ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል፣ እሳት አይዝም።

እማዬ አባዬ ጋ ኮል ታደርጋለች። አባዬ ጓደኛውን ጋሽ ዘሪሁንን ይዞ እስኪመጣ መኪናዋ ትበርዳለች። ከዚያ ገብቶ አንዴ ሲነካት ቀጥ ብላ ትነሳለች! ሁለቱ ተያይተው ይስቃሉ። “እኔ ጋ እኮ አንድ ቀን አስቸግራኝ አታውቅም” ይላል አባቴ። እጅሽ ነው፣ ፔዳሉን ትረግጫለሽ፣ ነዳጅ ታጠጫታለሽ፣ ኤሲ ታበዣለሽ። እማዬ ላብ በላብ ሆና፣ የቀለጠ ቅቤ በእጇ ይዛ ትሰማዋለች። እኔ ደግሞ ከኋላ ሆኜ ሁለቱንም ሰዎች መንከስ ያምረኝ ነበር።

ጋሽ ዘሪሁን አገር ቤት የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ዳላስ ሲገባ ሜካኒክ ሆነ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቦኔቱን ከፍቶ ችሎት ያስችላል። አንዱ ባትሪ ነው ይላል፣ አንዱ ስታርተር ነው ይላል፣ አንዱ ጸበል ይረጭባት ይላል። መጨረሻ ላይ ሁሉም የሚስማሙት አንድ ነገር ላይ ነው፦ ሴት ስለምትነዳት ነው። ባትሪው ተቀየረ፣ ስታርተሩ ተቀየረ፤ እናቴ ግን ልትቀየር ስለማትችል ጥፋተኛ እንደሆነች ቀረች።

እኔ ደግሞ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የማውቀው ነገር ነበረኝ። መቀመጫዬ ነዳጅ ታንኩ ላይ ስለሆነ፣ ቁልፉ ሲከፈት ከሥሬ “እዝዝ” የሚል ድምፅ እሰማለሁ። መኪናዋ እምቢ ያለች ቀን ግን ያ ድምፅ የለም። አንድ እሁድ ደፍሬ ወንዶቹ መሀል ገባሁና፣ “ባባ፣ ስትነሳ ከሲቴ ሥር እዝዝ ይላል። እምቢ ስትል ግን ሳውንድ የለውም” አልኩ። ሣቁ አማርኛዬ ላይ ይሁን ሐሳቤ ላይ እንጃ፤ ብቻ ሳቁብኝ። አባዬም “ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም” ብሎ ወደ እናቴ ገፋ አደረገኝ። ያ ተረት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

የሰማችኝ እማዬ ብቻ ናት። ለመኪናዋ እንደ በሽተኛ ካርድ ደብተር ነበራት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆመች ትጽፋለች። ያን ቀን “ድምፅ” ብላ አንድ መስመር ጨመረች።

የፈተናው ቀን ነሐሴ ውስጥ ነበር፣ ዳላስ፣ ከሰዓት በኋላ። ትምህርት ቤት ስላልተከፈተ እኔም ሎቢው ውስጥ መጽሐፍ ይዤ ልጠብቃት አብሬያት ወጣሁ። አባዬ ቁልፉን ሰጥቷት በጋሽ ዘሪሁን መኪና ወደ ሁለተኛ ሥራው ሄደ። እማዬ እስክንደርስ ሞተሩን ላታጠፋ ምላ ነበር። ቁልፉን ስትከፍት ግን ነዳጁ አልቋል፤ መርፌው ቀዩን አልፎ ተኝቷል። “ዛሬን እንኳ ምናለ ቢቀዳልኝ!” አለች። ምን ይደረግ፣ መንገድ ላይ ነዳጅ ማደያ ገባን፤ አጠፋች፤ ቀዳች። እምቢ አለች።

አባዬ ጋ ደወለች። “ፔዳሉን አትርገጪ ብዬሽ የለም?” የሚለው ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር። ዘጋችበትና ወደ እኔ ዞረች። “ሰማሽው?” አለችኝ። “የለም ማሚ።” አራቱንም በር ከፈትን። በፈተና መግቢያ ወረቀቷ ዳሽቦርዱን እያራገበች ጠበቀች፣ እኔ ሆዴን ወንበሩ ላይ አድርጌ ጆሮዬን ለጠፍኩ። አርባ ደቂቃ። “እዝዝ” ሲል ጮህኩ፣ ነዳን። ሩብ ሰዓት ዘግይተን ደረስን። በሩ ላይ ያለችው ሴት ሕጉ አይፈቅድም አለች፤ እማዬ “አፈር ስሆን” በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ስለማታውቅ ወረቀቷን ብቻ ዘረጋችላት። ሆስፒታሉ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠ። ስምንት ወር ተጨማሪ ካርቶን አሸገች፤ ያኔ የተጎዳው ወገቧ ዛሬም ያማታል።

በማግስቱ ያረጁ መኪናዎች ፈታተው የሚሸጡበት ግቢ ይዛኝ ሄደች። አንድ ሽማግሌ ሜክሲኳዊ ደብተሯን እያየ፣ እኔንም እየጠየቀ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠን። ከዚያ እጁን ዳሽቦርዱ ሥር ከትቶ በካቻቪቴ እጀታ ኳ ኳ አደረገ፤ ከኋላ “እዝዝ” አለ። ለነዳጅ ፓምፑ ኤሌክትሪክ የምትሰጠው ሳጥን ናት፤ ውስጧ ያለው ብየዳ ተሰንጥቆ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲበርድ ይገጥማል። በቃ፣ ይኼው ነው! በሌላ ቀየረልን፣ አሮጌዋን እኔ ያዝኩ። ማታ ለአባቴ ነገረችው፤ እሁድ እሱ ቦኔቱን ሳይከፍት “አገኘኋት እኮ!” ብሎ ለጓደኞቹ አወራ። እማዬ ሆድ ይፍጀው አለች። በሚቀጥለው ፋሲካ ሰሞን ተፈትና አለፈች።

ዛሬ የምነዳው መኪና ሲያመው ራሱ ስክሪን ላይ ጽፎ ይነግረኛል። የኋላ ወንበሩ ምንም አይሸትም። ያን ዘመን ትወጂዋለሽ ብትሉኝ፣ የእማዬን ማራገብና ያን የሰም ሽታ እወደዋለሁ። የቀረውን ግን አልወደውም፤ ማለቴ፣ ለምን እዋሻለሁ?

ባለፈው እሁድ ወላጆቼ ፕሌኖ፣ እኔ ቤት ምሳ በሉ። አባቴ ሰባን ተሻግሯል። ለልጄ ያቺን ወሬ ጀመረላት፤ አያትሽን መኪና ታስቸግራት ነበር፣ እኔ ጋ ግን አንድ ቀን እንኳ… አላስጨረስኩትም። ሳጥኗን አምጥቼ ሳህኑ አጠገብ ቋ አደረግኳት። “ማን ነው ያገኛት? ለልጄ ንገራት!” አልኩት።

ሳጥኗን ብዙ አገላበጣት። “እኔም ላይ ቆማለች” አለ በመጨረሻ። “ከፈተናው በፊት በነበረው ሳምንት፣ ነዳጅ ልቀዳ አጥፍቻት። አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ገተረችኝ። ለእናትሽ መናገር አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ እንዳትቆምብኝ ፈርቼ ነዳጅ አልቀዳሁም።”

ያ ባዶ ታንክ! እማዬ ምን እንደምትል ዞር ብዬ አየኋት፤ ብርቱካን እየላጠች ነበር። “አውቃለሁ” አለች። “ሐሙስ ነው። ሸሚዝህ ርሶ፣ አርባ ደቂቃ ዘግይተህ ገባህ። ኦቨርታይም ነው አልከኝ። ደብተሬ ላይ አለ።”

“ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ?” ብዬ ጮህኩባት።

“በሽተኛው ራሱ እስኪናገር ጠብቄ ነው” አለች።

አባቴ አንገቱን ደፋ። ልጄ ቀሚሴን ጎተት አድርጋ፣ “ማሚ፣ ግራንድፓ እያለቀሰ ነው። ግን ሳውንድ የለውም” አለችኝ። በእኔ ልጅነት ቢሆን ልጅ ያቦካው ይባል ነበር። እኔ ግን ሰማኋት። ንዴቴ አልወጣልኝም፣ የሚወጣልኝም አይመስለኝም፤ ሳጥኗን ግን ከፊቱ አነሳሁለት።