ውሃው እስኪበርድ

ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ አሥራ አራት የእንጨት ደረጃ ወጥታችሁ አንዲት ጠባብ ክፍል ታገኛላችሁ። በሩን ሳታንኳኩ ሽታው ይቀበላችኋል፤ የደረቀ የሎሚ ልጣጭ፣ ከሙን፣ ገና እርጥበቱ ያልለቀቀው ቅጠል። ማንቆርቆሪያው ከምድጃው ስለማይወርድ መስኮቱ ሁልጊዜ በእንፋሎት እንደደበዘዘ ነው። በዚያ መስኮት ሲያዩት መንገዱ፣ መኪናው፣ ሰዉ ሁሉ ውሃ ውስጥ የሚሄድ ይመስላል። እዚያ የምትሠራውን ሴት ሰፈሩ «ባለቅጠሏ» ይላታል።

ባለቅጠሏ አንድ የማትለቀው ልማድ አላት። አዲስ ታካሚ ሲመጣ የፈላ ውሃ በብርጭቆ ትቀዳና ፊቱ ታስቀምጥለታለች። «በል እስኪ፣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ በአፍህ የገባውን ሁሉ ቁጠርልኝ። ማስቲካም ቢሆን!» ትለዋለች። ውሃው ለመጠጣት እስኪበርድ ድረስ እስክሪብቶ አትነካም፣ ምክር አትሰጥም፣ ሰዓቷን አታይም። ሰው መጀመሪያ «ኧረ ምንም አልወሰድኩም» ይላል። እንፋሎቱ ሲሳሳ ግን ጎረቤት የሰጠችው ቅጠል ይመጣል፣ አክስት ያዘዘችው ዱቄት ይመጣል፣ ሬዲዮ ላይ የተሰማው ዘይት ይመጣል። «ታዲያ ይሄ ምንም ነው?» ትቆጣለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም?» ከአቅሟ በላይ የሆነውንማ «ይሄ የኔ አይደለም፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት» ብላ ደረጃውን ታስወርደዋለች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምታውቀው ሴት የገዛ ልጇ ሆድ አቃታት።

ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቤት ውስጥ ሚጣ ይሏታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ይዛ እጥፍ ትላለች። ፊቷ አመድ መስሏል፣ የትምህርት ቤት ቀሚሷ ከትከሻዋ መንሸራተት ጀምሯል። አስተማሪዋ ሁለት ጊዜ ደውላ «መጥታችሁ ውሰዷት» ብላለች። ሐኪም ቤት ሄደው ደሙም ሰገራውም ታየ፤ ምንም አልተገኘም። ዶክተሩ «የምትወስደው ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ባለቅጠሏ ዓይኗን ሳታሽ «ምንም» አለች።

«እንግዲያው እስከ ሐሙስ ካልተሻላት አስተኝተን ጨጓራዋን በቱቦ እናያለን» አለ ዶክተሩ።

ከዚያ ወዲህ እናትየው ምግብም እንቅልፍም የላትም። ሸለብ ሲያደርጋት የምታየው ሕልም አንድ ነው፤ ሚጣ ማለቂያ የሌለው ደረጃ ትወጣለች፣ እሷ ከላይ ሆና ትጠራታለች፣ ድምፅዋ ግን እንፋሎት ሆኖ ይበናል። ሰማዩ ወተት ሲመስል ትነቃለች። ጉሙ እስከ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ቆሟል፤ ግማሽ አካሏ ገና ሕልሙ ውስጥ እያለ እግሯ በራሱ ጊዜ ወጥ ቤት ያደርሳታል።

ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ አንድ ትልቅ ጠርሙስ አለ። ማር፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በአንድ ላይ። ብርዱ ሲገባ ሚጣን ጉንፋን ይዟት ነበርና፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ማንኪያ ትሰጣታለች። «ለኔ ስትይ» ትላታለች። ሚጣ ዓይኗን ጨፍና ትውጣለች። እናትየው ግንባሯን ሳም አድርጋ፣ አንድ እጇን ኮቷ ውስጥ ከትታ፣ ሌላውን ገና ሳታስገባ ትወጣለች። ታካሚ ይጠብቃታላ! ቤቱ ለባሏና ለአማቷ ይቀራል፤ ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ሥራ የሚገባው አረፋፍዶ ነው። አማቷን ሁሉም «እማማ» ነው የሚላቸው።

ጠርሙሱ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ነበር። «ጎሽ! ሁሉም እየጠጣ ነው ማለት ነው» ብላ ደስ አላት። ለቤቷ ሰው ጤና ሌላ ጊዜ ባይተርፋትም፣ ጠርሙሱን መሙላት አያቅታትም። የሚጣ ሆድ ሲብስባት ደግሞ ዝንጅብሉን እጥፍ አደረገችው። ዝንጅብል ለሆድ ጥሩ ነዋ!

ማክሰኞ ከሰዓት ሆነ። ታች ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ ለታካሚዎቿ ወረፋ ያድላል፤ በጨርቅ ቁራጭ ላይ በጠመኔ ቁጥር ይጽፍና «ከስታችሁ ከወረዳችሁ ልብሳችሁን የማጠብበው እኔ ነኝ» እያለ ይሰጣቸዋል። ስድስተኛው ታካሚ ወጡ።

«ቀጣይ!» አለች ባለቅጠሏ፣ ከካርዱ ቀና ሳትል።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሰባት ቁጥር የተጻፈበት ሰማያዊ ጨርቅ የያዘች ልጅ ቦርሳዋን እንዳዘለች ገባች።

«ሚጣ! ምነው? ምን ሆንሽ? ማን አመጣሽ?»

«እማማ። ቀሚሳቸውን ሊያሳጥሩ ታች ናቸው። እኔ ግን ወረፋ ይዤ ነው የመጣሁት።»

«በእናትሽ ቤት ወረፋ? ነይ ወዲህ ሆድሽን ልይ፤ ዝንጅብሉ እንኳ…»

«አይሆንም» አለች ሚጣ። የታካሚው ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ እግሯ መሬት አይደርስም። ትምህርት ሲዘጋ ከመጋረጃው ኋላ የቤት ሥራዋን ስትሠራ የክፍሉን ሕግ አጥንታዋለች። «መጀመሪያ ውሃ ነው የምትቀጂው። ከዚያ ነው የምትጠይቂው።»

ባለቅጠሏን ሳቅም እንባም አማራት። ከበሩ ውጭ ስምንተኛዋ ታካሚ እያሳሉ ነው። ያም ሆኖ ማንቆርቆሪያውን አነሳችና ቀዳች። እንፋሎቱ በመሀላቸው ተነሳ፤ ክፍሉ ጭልጭል አለ፣ የመንገዱ ድምፅ ራቀ። በዚያ ነጭ ጭስ ውስጥ የልጇን ፊት አየችው። ከፊት ጥርሷ አጠገብ አንድ አዲስ ጥርስ ግማሽ ድረስ በቅሏል። የድሮው መቼ ነው የወለቀው? አታውቅም።

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ በአፍሽ የገባውን ሁሉ ቁጠሪልኝ» አለች።

ሚጣ ጣቷን ዘረጋች። «አንደኛ፣ ያንቺ ማንኪያ። ሁለተኛ፣ የአባዬ ማንኪያ።»

«የአባዬ? የምን የአባዬ?»

«አንቺ ስትወጪ አባዬ ይነሳል። ‹እናትሽ ስትጣደፍ ረስታው ይሆናል› ይልና ይሰጠኛል፣ በትልቁ ማንኪያ። ሦስተኛ፣ የእማማ። እሳቸው ደግሞ ልብሴን ሲያለብሱኝ ‹የእናትሽ መድኃኒትማ አይቅርብሽ› ይላሉ። ከዚያ ዳቦ።»

«ሦስት ማንኪያ? በባዶ ሆድ? በየቀኑ?»

«ቅዳሜ አራት ነው። አባዬ ሥራ የለውም፣ ከሰዓትም ይሰጠኛል።»

ወይ ጉድ! ሲበዛ ማርም ይመራል ይሉ የለ? አንዲት ፍሬ ልጅ፣ ሦስት አፍቃሪ፣ አንድ ጠርሙስ።

«ታዲያ ‹ጠጥቻለሁ› አትያቸውም ነበር?»

«ሁላችሁም ‹ለኔ ስትይ› ትላላችሁ። ላንቺ ጠጥቼ አባዬን እምቢ ብለው ቅር ይለዋል።» ሚጣ ብርጭቆውን አየች። «ደግሞ አልጠየቅሽኝም። ሰውን ሁሉ ትጠይቂያለሽ።»

ባለቅጠሏ አፈረች። ከልቧ አፈረች። ለዶክተሩ ያለችው «ምንም» ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። ማርና ዝንጅብል በእሷ ቤት መድኃኒት አይደለም፣ ኑሮ ነው፤ የሚቆጠር ነገር መሆኑ ትዝም አላላት። ሰውን በየቀኑ የምትቆጣበትን ነገር ራሷ፣ ያውም በልጇ ላይ! ተነስታ ስልኳን ልታነሳ ስትል ሚጣ ብርጭቆውን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ገና ነው» አለች።

ተመልሳ ተቀመጠች። ሚጣም ማውራቷን ቀጠለች። ጥርሷ የወለቀው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው፣ እማማ በሻሽ ጠቅልለው አስቀምጠውላታል። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ «ነጭ ሽንኩርት ትሸቻለሽ» ብላ ቦታ ቀይራለች። አሁን መስኮቱ ጋ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው፤ ግን ከዚያ ወፎች ይታያሉ። እናትየው ዝም ብላ ሰማች። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላወቀችም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ከዓለም ተነጥለው የሚንሳፈፉ መሰላት። ኋላ ሚጣ ብርጭቆውን አንስታ ግማሹን ጠጣችና ግማሹን ወደ እናቷ ገፋ አደረገችው።

ከዚያ ለዶክተሩ ደወለች። «ዶክተር፣ ባለፈው ያልሆነ ነገር ነግሬዎታለሁ» አለችና አንድ በአንድ ተናዘዘች።

ዶክተሩ የማንኪያውን ብዛት አስደገማት። «በሉ አሁኑኑ ያቁሙላትና ሐሙስ ያምጧት፣ ልያት። እየተሻላት ከሆነ ቱቦው ይቆያል።»

ባለቅጠሏ አዲስ ካርድ አወጣችና «መድኃኒት፦ ምንም» ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። «ይሄን ለአባትሽም ለእማማም ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። የቀረውን ማታ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ሚጣ ካርዱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ጋ ስትደርስ እንደ ታካሚዎቹ ሁሉ ዞር አለች።

«ቀጠሮዬ መቼ ነው?»

የቀጠሮ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ጢም ብሏል። ባለቅጠሏ ከደነችው።

«ነገ ጠዋት፣ ቤት። ከነገ ወዲያም። ውሃውን እኔ እጥዳለሁ፣ እስኪበርድ አልሄድም።»

«ወረፋ አለው?»

«የለውም፣ የኔ እናት።»

ሚጣ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ሰባት ቁጥር የተጻፈበትን ሰማያዊ ጨርቅ አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ለማንኛውም ይዤው ልሂድ» አለች።