በመስከረም የተቆረጠው ወይን

በስንት ዓመቴ እንደነበረ በትክክል አላስታውስም፣ የወተት ጥርሴን የምነቅልበት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። የሚቦካ ወይን በሸተተኝ ቁጥር ግን ሚዛን ተፈሪ ዳር የነበረው ጓሯችን ከነጭቃው ይመጣብኛል።

አባቴ ከጎንደር ሲመጣ የወይን ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ፣ ጥቁሩን ለወይን ጠጅ፣ ነጩን ለመብል ብሎ ለየብቻ ተክሎ፣ እንደ አገሩ ልማድ አዲስ እንዲያቆጠቁጥ በየካቲት ቅርንጫፉን ይቆርጠው ነበር። ሐምሌ ላይ ሊበስል ሲል ዝናቡ ይወርድበትና ቆዳው ስስ የሆነው ነጩ ቀድሞ ይፈነዳ፣ ጥቁሩም ሻግቶ ይከተለው ነበር። ጎረቤቶቻችን ቡናቸውን እያረሙ፣ «ጌታው፣ ዘንድሮስ ለዝንብ ነው ለሰው?» ይሉት ነበር።

በአራተኛው ክረምት አባቴ «አንድ ዓመት ልየው፣ እምቢ ካለ ነቅዬ ቡና እተክላለሁ» አለ። ወይኑን የምጠብቀው እኔ ነበርኩና እንዳይነቅለው ለመንኩት።

መስከረም ላይ እሱ ለለቅሶ ማሻ ሲሄድ፣ ጎረቤታችን የነበሩት የቤንች ሴት አጥሩን ተደግፈው፣ «ታደሰ ልጄ፣ የእኛ ሰማይ የሚያርፈው በጥር ነው። ቡናውን የምናሰጣው ያኔ አይደል? ወይናችሁም ያኔ ይብሰል እንጂ!» አሉኝ።

«እንዴት አድርጎ?»

«አሁን ቁረጠዋ! እንደ አዲስ አቆጥቁጦ ለጥር ይደርሳል።»

ቢላ ይዘን ገባንበት፣ ቅጠሉንም እያራገፍን ግንዱን ብቻ አስቀረነው።

አባቴ ሲመለስ «ገደልከው!» ብሎ አለንጋ አነሳ። ሴትየዋ ሮጠው መጥተው መሀል ገቡና፣ «የታደሰ አባት፣ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። መምታትህ ካልቀረ በጥር ካላፈራ ምታው፣ ያኔ እኔም ጀርባዬን እሰጥሃለሁ» አሉት። አባቴ አለንጋውን ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ እኔም አለንጋውን እያየሁ እራቴን እበላ ነበር።

በጥቅምት አቆጠቆጠ፣ በኅዳር አበበ፣ በታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ ዘለላው ተንዠረገገ። ጥር ሲገባ ነጩ ቢጫ ሆኖ፣ ጥቁሩ አመድ የነሰነሱበት መስሎ በሰለ፤ አንድም ፍሬ አልፈነዳም! ጋኑ ሁሉ ሞልቶ ከጎረቤት ተዋስን፣ እነዚያ ቀልደኞችም ለመቅመስ ተሰለፉ። አባቴ ግን ከሁሉ በፊት ትልቁን ዘለላ በሁለት እጁ ይዞ፣ እኔን አስቀድሞ ሴትየዋ ደጅ ቆመና፣ «ይኸው ጥር ገባ፤ የሚመታው እኔ ነኝ» አላቸው።

ዛሬ በደጃችን ባጃጅ ይንጫጫል፣ ወይንም ከሩቅ አገር በሳጥን ተጭኖ ገበያ ይወጣል፣ የልጅ ልጆቼም ይጣፍጣል ይላሉ፣ እውነትም ይጣፍጣል። የእኛው ግን በዝናብ አገር፣ በገዛ ጓሯችን የበሰለ ነበር። ያን ቀን ከአለንጋ ያስጣሉኝ፣ አባቴንም ወይኑን ከመንቀል ያዳኑት ሴት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እማማ ወርቄ ይባሉ ነበር።